ዘጠነኛው ተርሚናል

ይኼ ከሰው የሰማሁት ወሬ አይደለም። እዚያው ቁጭ ብዬ ያየሁት ነው።

በርክሌይ ዩኒቨርሲቲ፣ እ.ኤ.አ. 1982፣ ከጠዋቱ አራት ሰዓት። ውጭው ፀሐይ ነበር።

የምንሠራበት የኮምፒውተር ሥርዓት ዩኒክስ ይባላል። ማሽኑ አንድ ነው፤ ሠላሳ ሰው በየተርሚናሉ፣ ማለትም ከማሽኑ ጋር በሽቦ በተገናኘ ስክሪንና የፊደል ገበታ ፊት ተቀምጦ በአንዴ ይጽፍበታል። ተቆጣጣሪዋ እኔ ነበርኩ።

የሥራ ጓደኛዬን ዴልማርን የቀበርነው በዋዜማው ነው። አላለቀስኩም። ምንም አልተሰማኝም።

አለቃችን ኢርቪን አጠገቤ መጥቶ ቆመ።

«ሎሬታ፣ የዴልማርን ስም ሰርዢው በቃ። ፕሮግራሞቹን ግን አደራ፤ አገር ምድሩ የሚሠራው በነሱ ነው።»

«እሺ።»

ትእዛዙን ጻፍኩ። ማሽኑ እምቢ አለ።

ተጠቃሚው ሥራ ላይ ነው...

ማን ማን እንደገባ የሚያሳየውን ዝርዝር አወጣሁ።

ዴልማር። ዘጠነኛው ተርሚናል። የገባው ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት።

«ኢርቪን...»

«አየሁት።» ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ተማሪ ነው። የይለፍ ቃሉን አግኝቶ እየቀለደብን ነው። ጆሮውን ነው የምቆርጠው!»

ዘጠነኛው ያለው ዴልማር ቢሮ ውስጥ ነው። ኢርቪን በሩን በቁልፍ ከፈተው።

ማንም የለም።

ተርሚናሉ ጠፍቷል። ሽቦው ተነቅሎ፣ በሥርዓት ተጠቅልሎ ወንበሩ ላይ ተቀምጧል።

የፊደል ቁልፎቹ አቧራ ለብሰዋል... የጣት ምልክት እንኳ የለባቸውም።

ወደ እኔ ተርሚናል ተመለስን።

ስክሪኔ ላይ አንድ መስመር ይጠብቀኝ ነበር።

«ከዴልማር፦ ኢርቪን ዛሬ ምሳ የት ነው የሚበላው?»

ስድስት ዓመት ሙሉ እንዲህ ስንጻጻፍ ኖረናል። እጄ በልምድ መለሰ...

«ማዶ፣ ሳንድዊች ቤት።»

«ምን አደረግሽ?» አለ ኢርቪን በሹክሹክታ።

«እኔ እንጃ።»

«ቁረጪው! አሁን!»

ግንኙነቱን ቆረጥኩ። ስሙን ሰረዝኩ። ማሽኑ ዝም አለ።

ቀትር ላይ ኢርቪን ኮቱን አነሳ።

«ዛሬ እንኳ እዚሁ ብላ» አልኩት።

«ባክሽ ተይኝ! ተማሪ ፈርቼ ጦሜን ልዋል?» ብሎ ሳቀ።

በመስኮት አየሁት። መንገዱን ተሻገረ። የሳንድዊች ቤቱን በር ከፈተ...

አልገባም።

በሩን በእጁ እንደያዘ ወደ ጎን ቆመ። አንገቱን ዝቅ አድርጎ ፈገግ አለ። ከፊቱ ማንም አልነበረም፤ እሱ ግን አንድ ሰው የሚያልፍበትን ያህል ጠበቀ...

ከዚያ ተከትሎ ገባ።