ግመሏ የተንበረከከችበት

ኦኪር አንገቱ ተቆልምሞ አሸዋው ላይ ተጋድሟል፤ ዝንብ ከዘመድ ቀድሞ ደርሶለታል። አምስት እርምጃ ያህል ራቅ ብሎ ኮርቻ ሠሪው አዳሮብ እጁን የፊጥኝ ታስሮ ተቀምጧል። የሟቹ አባት ሼኽ ታሂር ሰይፋቸውን ጭናቸው ላይ አጋድመው ፀሐይዋን ይለካሉ። እሷ ስትጠልቅ የአዳሮብ አንገት ይቀላል።

የከብት ሐኪሟን ራብዓን ከሲንካት ከተማ ያስጠሯት ለአንድ ቃል ብቻ ነው።

«ግመሏ ጤነኛ ናት በይና ሂጂ። ጥፋቱ የኮርቻው መሆኑ ይታወቅ» አሏት ሼኹ።

«ጤነኛ ናት። ርጉዝም ናት» አለች። ግን አልሄደችም። «ሲወድቅ ማን አየ?»

«እኔ» አለ የሟቹ ታላቅ ወንድም ኦኑር። «ከኮረብታው ላይ ሆኜ። እየጋለበች ሳለ የኮርቻው ጠፍር ተበጠሰና ወረወረችው። ሮጬ ስደርስ አልቋል።»

«ጠፍሩ በቢላ የተቆረጠ ነው ዶክተር፣ እዪው!» አለ አዳሮብ።

«አንገቱ የሚቀላ ሰው ሁሉ ቢላ ይታየዋል» ብሎ ኦኑር ሳቀ።

ራብዓ የግመሏን ዱካ ተከትላ መቶ እርምጃ ሄዳ ተመለሰች።

«ሬሳውን አንሡልኝ።»

ሼኹ ሰይፋቸውን ጨበጡ። «ልጄን ደግሞ ልታገላብጪው ነው?»

«ወይ እሱን አገላብጣለሁ፣ ወይ እርስዎ ያልገደለ ሰው ያርዳሉ። ይምረጡ።»

አነሡት። ከጀርባው ሥር የሳህን ያህል ክብ ጉድጓድ፣ ከክቡ ፊት ለፊት ደግሞ ሁለት ትናንሾች ታትመዋል። ዙሪያውን የቆመው የሰፈር ሰው ሁሉ ምልክቱን ያውቀዋል፤ ግመል ተንበርክካበታለች።

«ግመል ስትጋልብ አሸዋውን ወደ ኋላ ትበትናለች» አለች ራብዓ። «የዚህች መዳፍ ግን እንደ ሊጥ ተዘርግቶ ሙሉውን አርፏል። የቀኝ ሁለት እግሯን፣ ቀጥሎ የግራ ሁለቱን እያነሳች ቀስ ብላ ነው የመጣችው። ከጎኗ የሰው ዱካ አለ፤ የሚመራት ሰውም አልሮጠም። እስከዚህ ዱካዋ ጥልቅ ነው፤ ከዚህ ወዲያ ስስ። ሸክም አራግፋለች። ይኼ ክቡ የደረቷ ጠንካራ ቆዳ ነው፣ እነዚህ ጉልበቶቿ። ሬሳ ቀድሞ ቢጋደም ኖሮ ግመል ከሥሩ ገብታ አትንበረከክም። ተንበረከከች፣ ኦኪር ወረደ፣ እሷ ተነሣች። ከዚያ ሬሳው ምልክቱን እንዲሸፍን ተጎተተ።»

«ራሱ ኦኪር አንበርክኳት ይሆናል» አለ ኦኑር።

አዳሮብ ምራቁን ተፋ። «ኦኪር? እሱ እየዘለለ ነው የሚወጣው! አንተን "አንበርካኪው ሽማግሌ" እያለ ሲሳለቅብህ አልነበር?»

ራብዓ ግመሏን ልታንበረክካት ሞከረች፤ እንስሳዋ አላየቻትም። አዳሮብ ተጣራ፤ አንገቷን አዞረችበት።

«አንተስ?» አለችው ኦኑርን።

ኦኑር አልተንቀሳቀሰም።

«ሂድ» አሉት አባቱ።

ከንፈሩን ገጥሞ ተጠጋ። ድምፅ ሳያወጣ ግመሏ የፊት ጉልበቶቿን አጠፈች፤ ደረቷን አሸዋው ላይ አሳረፈች።

«ማን ነው ያሳደጋት?»

ሼኹ ዐይናቸውን ጨፈኑ። «ኦኑር። እኔ ነኝ ነጥቄ ለታናሹ የሰጠሁበት።»

«ሬሳውን እንደቆመች ከላይዋ ገፍተህ ብትጥለው ኖሮ አዳሮብ ዛሬ ይሞትልህ ነበር» አለችው ራብዓ። «ለምን አንበረከክሃት?»

«ርጉዝ ናት» አለ ኦኑር፣ የሞኝ ጥያቄ የተጠየቀ ያህል። «ሸክም ድንገት ሲወርድባት ትደነግጣለች።»

ሼኹ ተነሥተው የአዳሮብን ገመድ ፈቱ። ገመዱን ግን አልጣሉትም፤ የኦኑርን እጅ አሰሩበት።

«አባቴ…»

«የእሱም አባት ነበርኩ። ቀጠሮው አልተለወጠም» አሉና ወደ ፀሐይዋ ዞሩ።

ግመሏ አልተነሣችም። አንገቷን ወደ ኦኑር አዙራ፣ ተነሺ እስኪላት ትጠብቅ ነበር።