ብቻውን የተደረደረው ዓምድ

ጋዜጣው ዘጋቢዎቹን ታሠለጥን ብሎ የቀጠራት የዳታ አሠልጣኝ ጋዜጠኞችን ትንቅ ነበር። ንቀቷም የዋዛ አልነበረም፤ ጠዋት በሩን ከፍታ ስትገባ ቀድሟት ገብቶ ወንበር ይዞ ይጠብቃታል።

አይፈረድባትም። ዋና አዘጋጁ «ኤክሴልን አብጠርጥሬ አውቀዋለሁ» ብሎ ሲያበቃ፣ ሰንጠረዡን በወረቀት አትሞ በጣቱ ሲደምር ዋለ። የስፖርት ዘጋቢው ደግሞ ሰንጠረዥ ሲባል የሊጉ መስሎት ማን እየመራ እንደሆነ ጠየቃት።

ከሁሉም የጠመደችው ግን አፈ ቅቤ የሚሉትን ዘጋቢ ነው። እሱ ሲያወራ ግድግዳው ራሱ ጠጋ ብሎ ያዳምጣል ይባላል። ጽሑፉ ውስጥ ግን ቁጥር ለመድኃኒት እንኳ አይገኝም፤ ሰው ቢሞትም «በርካታ»፣ ዶሮ ቢጠፋም «በርካታ» ነው።

«ቁጥር ያስፈራሃል እንዴ?» አለችው በመጀመሪያው ቀን።

«የምታስፈሪኝስ አንቺ ነሽ። ካልኩሌተር ቀሚስ ለብሶ ሲራመድ ዛሬ ገና ማየቴ ነው።»

ክፍሉ በሳቅ ተናጋ። እሷ አየችው፤ እሱም አያት። መተያየቱ ከሚገባው በላይ ረዘመ፤ ያን ጊዜ ራሷንም ጨምራ ናቀች።

ከዚያ ወዲህ አፈ ቅቤ ከሁሉ ቀድሞ እየመጣ ከአጠገቧ ይቀመጥ ጀመር። የየሰፈሩን የቧንቧ ውኃ ምርመራ ውጤት ከውኃ መሥሪያ ቤቱ ለምኖ አመጣ፤ የትኛው ሰፈር የተበከለ ውኃ እንደሚጠጣ ሊጽፍ። ከኋላ ገጽ ወጥቶ የማያውቀው ሰው የፊት ገጽ ተሰጠው። ዋና አዘጋጁም ይኼ ከታተመ የምርመራ ዘገባ ክፍል ኃላፊ እንደሚያደርገው ቃል ገባለት።

ጋዜጣው ወደ ማተሚያ ቤት ሊሄድ ሲል አሠልጣኟ ገጹን አየችና ክው አለች። ሰውዬው የውጤቱን ዓምድ ብቻውን መርጦ ከመጥፎ ወደ ደህና ደርድሮታል፤ የሰፈሮቹ ስም ግን ካሉበት ንቅንቅ አላለም። የአንዱ ውጤት ሌላው ላይ ተለጥፏል። ንጹሕ የሚጠጣው ሊደነግጥ፣ ብክሉን የሚጠጣው ተረጋግቶ ሊጎነጭ ነው።

ለብቻው ጠርታ አሳየችው። የምታሾፍበት ቀን ደርሶላት ነበር፤ ፊቱ አመድ ሲመስል ግን ሹፈቱ ከአፏ አልወጣም አለ።

ዋና አዘጋጁ ሰምቶ መጣና አቃለለው። «ባክህ ይታተም፤ አንባቢ ሰንጠረዥ አይፈትሽም። ከታወቀም ያስተማረችህ እሷ ናት፤ በእሷ ታላክካለህ።»

አፈ ቅቤ ድንጋይ የሚያስለቅስበትን ምላስ ሊፈታ ሞከረ፤ እምቢ አለው።

«ነግራኛለች» አለ በመጨረሻ። «ሁሉንም ዓምድ አብረህ ምረጥ ስትለኝ አፏን አያለሁ እንጂ አልሰማም ነበር። ስሕተቱ የኔ ነው። ጽሑፉ ይነሣ።»

ተነሣ። ኃላፊነቱም አብሮ በነነ። የፊት ገጹን አንድ ሹም ሪባን ሲቆርጥ የሚያሳይ ፎቶ ሞላው፤ ከሹሙ ይልቅ መቀሱ ሥራ የሠራበት ፎቶ ነው። ዋና አዘጋጁ የታረመው ከመጣ የኋላ ገጽ እንደሚበቃው ተናግሮ፣ «ደደብ» ብሎት ወጣ።

አሠልጣኟ ወንበር ስባ ከጎኑ ተቀመጠች።

«ደደብ ነህ» አለችው።

«አሁን ተነገረኝ እኮ።»

«እሱ ሳያጣራ ነው ያለህ።»

ሰንጠረዡን እንደ አዲስ ከፈቱ። ማውሱን በያዘው እጁ ላይ እጇን ጫነችና ከዳር እስከ ዳር መረጡት። ስሞቹ ከየውጤታቸው ጋር ተያይዘው ቦታቸውን ያዙ።

«ትወጂኛለሽ ማለት ነው?» አላት ቀስ ብሎ።

«ገና እያጣራሁ ነው» አለች። እጇን ግን አላነሣችም።