ያልተጠየቀችው

«ፍንጭትዬ፣ ይሄ እኮ የሴቶች ጥናት ነው» አለች የሴቶች ክበብ ሊቀመንበር፣ የጠመኔ አቧራ ከእጇ እያራገፈች። «የአካል ጉዳተኞች ጉዳይ የራሱ ክበብ አለው አይደል? ሁሉን ካጨቅንበት ማንም አይሰማንም።»

«የአካል ጉዳተኛ ሴቶችም ይካተቱ» ያለችው ፍንጭት ዊልቸሯን ወደ ሰሌዳው አስጠጋች። ይህን ስም ያወጣችላት ይህችው ጓደኛዋ ናት፤ አንደኛ ክፍል ጎን ለጎን ሲቀመጡ፣ በፊት ጥርሶቿ መሀል ያለውን ክፍተት አይታ። ልበ ክፉ አይደለችም። ሴት ተማሪዎች ለምን ከትምህርት እንደሚቀሩ ስታጠና ሰንብታ፣ ነገ ውጤቱን ልታቀርብ ነው። ርዕሰ መምህርቷ ለሴቶች አዲስ መጸዳጃ ቤት ከማሠራታቸው በፊት የተማሪዎቹን ሐሳብ እሰማለሁ ብለዋል።

ችግሩ፣ ፍንጭት የአካል ጉዳተኞች ክበብን ስለ መጸዳጃ ቤት አስቀድማ ጠይቃለች። ከእሷ በቀር አባላቱ ወንዶች ናቸው። «አቦ፣ ዊልቸር የሚያስገባ መጸዳጃ ቤት አሠራን አይደል እንዴ?» አሏት። አዎ፣ አሠርተዋል፤ ግን በወንዶቹ በኩል ነው። የሴቶቹ ደግሞ ደረጃ አለው፣ በሩም ዊልቸር አያሳልፍም። «እሱ እንኳ የሴት ጉዳይ ነው፤ ለሴቶቹ ንገሪ» ብለው ሸኟት። ሁለት ያጣ ጎመን ማለት ይሄ ነው።

ስለዚህ ጠዋት ጠዋት ውሃ አትጠጣም። የወር አበባዋ ሲመጣ ደግሞ ቤት ትቀራለች። እናቷ «ዛሬም ሆድሽን ነው?» ሲሏት አንገቷን በአዎንታ ትነቀንቃለች። ሆድ ይፍጀው ብላ ይዛው ነበር።

አሁን ግን ሰሌዳው ላይ «ለምን ይቀራሉ?» የሚለው ጥያቄ ተሰምሮበት ስታይ፣ አፏ ቀደማት።

«እኔ ለምን የምቀር ይመስልሻል?»

«ለሕክምና ነዋ።»

«ማን ነገረሽ?»

ጓደኛዋ ጠመኔውን አስቀመጠች። «እንጃ... ሁላችንም እንደዛ ነው የምናስበው።»

«ስንቱን ስትጠይቂ ከርመሽ፣ እኔን አልጠየቅሽኝም።»

ከዚያ ዘረገፈችው። ስለ ደረጃው፣ ስለ ውሃው፣ ሲጨንቃት በወንዶቹ በኩል ስለሄደችበት ቀን። እዚህ ላይ ስትደርስ ሳቅ አመለጣት። «አንዱማ ሲያየኝ ቀበቶውን እንኳ ሳያስር ፈረጠጠ!»

ሊቀመንበሯም ሳቀች። ሳቋ ሳያልቅ ግን ዓይኗ እንባ አቀረረ።

«ይቅርታ፣ እሺ? ነገ እጨምረዋለሁ። እኔው እናገርልሻለሁ፤ አንቺ አትሳቀቂ።»

እሺ ማለት ቀላል ነበር። ነገ ከኋላ ተቀምጣ፣ የሌላ ሰው አፍ ሲናገርላት መስማት ብቻ። መምህራኑ በሙሉ እዚያ ናቸው፤ የአካል ጉዳተኞቹም ክበብ ተጋብዟል። ፊቷ ከአሁኑ ጋለ።

«አይ፣ ራሴ እናገራለሁ» አለች። «አንቺ ግን አጠገቤ ቁሚ።»

«አለሁልሽ።»

«ደግሞ... ያቺ መስማት የተሳናት ልጅ፣ ሰባተኛ ክፍል ያለችው፣ እሷስ ለምንድን ነው የምትቀረው?»

«እሷ እኮ...» ሊቀመንበሯ ጀመረችና ተወችው። «አላውቅም።»

ፍንጭት የዊልቸሯን ፍሬን ለቀቀች።

«እስክሪብቶ ያዢ። ከክፍል ሳትወጣ እንድረስባት፤ ጽፈን እንጠይቃታለን።»