ባለቤቴ የሌለችበት ሳሎን

ያመነ ይመን፣ ያላመነ ይተወው። እኔ በዓይኔ ያየሁትን ነው የምነግራችሁ። ባለፈው ቅዳሜ፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት፣ እዚሁ ሳሎኔ ውስጥ።

ሌሊት አልነበረም። ፀሐይ በመስኮቱ ገብታለች...

ሥራዬ ለአንድ የዘመናዊ ቤቶች መጽሔት ፎቶ ማንሳት ነው። መጽሔቱ ጥብቅ ሕግ አለው። ፎቶው ውስጥ ሰው አይታይም። ነጠላ ጫማ፣ የተጠጣበት ብርጭቆ... ምንም። ቤቱ ሰው ኖሮበት የማያውቅ መምሰል አለበት።

የዛሬ ዓመት ተራው የራሳችን ቤት ሆነ። ባለቤቴን መስኮቱ ሥር ካለው ወንበሯ ላይ አስቀምጬ ብርሃኑን እለካለሁ። ከዚያ እቆጥራለሁ። "ሦስት" ስል ተነስታ ከፎቶው ትወጣለች። ቀኑን ሙሉ እንዲህ ስትቀመጥ ስትነሳ ዋለች።

"በገዛ ቤቴ እንግዳ አደረግኸኝ እኮ" ብላ ሳቀችብኝ።

ከሦስት ወር በኋላ ሞተች።

እቤታችን ውስጥ የተነሳችው አንድም ፎቶ የለም። የሰው ቤት ሳሳምር የራሴን ሰው ሳላነሳት ቀረሁ። ይህ ነገር እስካሁን ያንገበግበኛል።

ቅዳሜ ዕለት ናፍቆቱ ሲበረታብኝ መጽሔቱን አውጥቼ የቤታችንን ገጽ ገለጥኩ።

ወንበሩ ሥር ነጠላ ጫማ አለ።

የእሷ ነው። ያኔ ከፎቶው ላይ አጥፍቼው ነበር... በገዛ እጄ።

ከድኜ እንደገና ገለጥኩት። አሁን ደግሞ ጠረጴዛው ላይ ግማሽ ብርጭቆ ውሃ።

ቀስ ብዬ ቀና አልኩ። ወንበሯ ባዶ ነው። ትራሱ ግን... ሰው እንደተቀመጠበት ጎድጉዷል።

ካሜራዬን አንስቼ አነጣጠርኩ።

አየኋት። ያ ሰማያዊ ሹራቧ። ፀጉሯን እንደነገሩ አስራዋለች።

"ልውጣ?" አለች በሹክሹክታ።

"አትውጪ... እባክሽ።"

"እሺ።"

እንባዬ ዓይኔን ሞላው። አንድ ፎቶ ብቻ ነበር የፈለግሁት። ትንፋሼን ዋጥ አድርጌ ጣቴን አዘጋጀሁ። ሃያ ዓመት የለመደ አፌ ግን ቀደመኝ።

"አንድ... ሁለት... ሦስት።"

ካሜራው ቀጭ አለ።

ፎቶውን አሳጥቤ ግድግዳው ላይ ሰቅዬዋለሁ። ወንበሩ ባዶ ነው። ከጀርባው በሩ ገርበብ ብሏል፤ ሰማያዊ እጅጌ ያለው እጅ በሩን ይዟል።

በየቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ፎቶው ፊት እቆማለሁ። በየቀኑ በሩ በትንሹ ይዘጋል።

ዛሬ የሚታዩት ጣቶቿ ብቻ ናቸው።