ሁለተኛዋ ዓይን

«ሁለተኛዋ ዓይን ማን ናት?» አሉ ጋሼ፣ እስክሪብቷቸውን አዘጋጅተው።

ራት ሰዓት ነው፤ የእንግዳ ማረፊያው ምግብ ቤት በልጆች ተሞልቷል። ውጭ አስፋልቱ ላይ አንድ ከባድ መኪና ሲያልፍ መስኮቶቹ ተንቀጠቀጡ። ጋሼ ወፍ አጥኚ ናቸው። የትምህርት ቤቱን የተፈጥሮ ክበብ ልጆች ይዘው ለሦስት ቀን የወንዙን ወፎች ሊያስቆጥሩ ነው የመጡት። አንድ ሕግ አላቸው፦ ሁለት ሰው ያላየው ወፍ መዝገብ ላይ አይሰፍርም። ራሳቸው እንኳ ብቻቸውን ያዩትን አይጽፉም።

ፍንዳታ የሚሏት ልጅ በጠረጴዛው ሥር የጓደኛዋን የሚጢጢን እግር ረገጠች።

«እኔ ነኝ» አለች ሚጢጢ። ፈረመችም።

«ቀይ ጨርቅ የታሰረበት ዛፍ ሥር ሆነን አየነው» እያለች ፍንዳታ ቀጠለች፤ «ሽቅብ ዋኝቶ ወንዙ ዳር ያለው ደንገል ውስጥ ገባ።» እንዴት አድርጋ እንደምትተርከው ጉድ እኮ ነው! ቀይ እግር የሚባለውን ያንን የውሃ ወፍ ጋሼ አሥራ አንድ ዓመት ፈልገው አጥተውታል። ዓይናቸው እንባ አቀረረ። «እደጉልኝ ልጆቼ!» አሉ። ሚጢጢ መሬት ተከፍታ ብትውጣት በወደደች።

ወፍ የሚባል አላዩማ። አብራቸው የመጣችው ቲቸር «ከቀይ ጨርቁ ያለፈ በነጋታው አውቶቡስ ወደ ቤቱ!» ብላ አስጠንቅቃ ነበር። ሁለቱ ግን ለአንዲት ፎቶ ብለው አለፉ። ደንገሉ ዳር ሲደርሱ አንድ ነገር ከውሃው ውስጥ በኃይል ተነፈሰ። ጉማሬ ነበረች፤ ግልገሏ ከጎኗ። አፏን ስትከፍት እግሬ አውጪኝ ብለው ሮጡ። ዘግይተው ሲመለሱ ቲቸር በሩ ላይ ቆማ ጠበቀቻቸው። ፍንዳታ ትንፋሿን እንኳ ሳትሰበስብ «ቀይ እግር አየን!» አለች። በቃ፣ ከዚያ ወዲያ ነገሩ ከእጃቸው ወጣ።

«ጠዋት በጀልባ ደንገሉ ውስጥ እንገባለን» አሉ ጋሼ መዝገቡን እየዘጉ።

ሚጢጢ መኝታ ክፍል እስኪገቡ አልጠበቀችም፤ ኮሪደሩ ላይ ፍንዳታን በክንዷ ያዘቻት።

«ሰምተሻል? በጀልባ ነው የሚሄዱት!»

«ቀስ በይ ባክሽ። እስከ ጠዋት ጉማሬዋ ትሄዳለች።»

«ባትሄድስ?»

ፍንዳታ ፊቷን አዞረች። «አባዬ አንዴ ጥፋት ብትደግሚ ትምህርት ቤት እቀይርሻለሁ ብሎኛል። ከተናገርሽ አለቀልኝ። ጓደኛዬ አይደለሽም እንዴ?»

ጓደኛዋማ ናት። ከአምስተኛ ክፍል ጀምሮ አንድ ዴስክ ላይ ነው የተቀመጡት።

ጠዋት ወንዙ ዳር ገና ከአሁኑ ይወብቃል። ጋሼ የተተኮሰ ሸሚዝ ለብሰው፣ የሩቅ ማያ መነጽራቸውን አንገታቸው ላይ አንጠልጥለው ጀልባው ውስጥ ተቀምጠዋል፤ ወፉ ቀጥሯቸው ነው የሚመስለው። ቲቸር አጠገባቸው ናት። ሌሎቹ ልጆች፣ ፍንዳታም ጭምር፣ ከዳገቱ ላይ ሆነው ያያሉ።

«ሚጢጢ፣ ነይ ፊት ተቀመጪ» አሉ ጋሼ። «የምታሳዪን አንቺ ነሽ።»

«እግረ መንገድሽን ገመዱን ፍቺልን» አለ ጀልባ ቀዛፊው።

ገመዱን ያዘች። ቋጠሮው ቀላል ነበር፤ እጇ ግን እምቢ አለ።

«ጋሼ፣ ወፍ አላየሁም።»

«ምን አልሽ?»

«ውሸቴን ነው የፈረምኩት። ከጨርቁ አልፌ ሄጄ ነበር። ደንገሉ ውስጥ ጉማሬ አለች፤ ከነግልገሏ።»

ቀዛፊው ሳቀ። «በዚህ ወር? ሃያ ዓመት ቀዝፌበታለሁ እኮ! ጉማሬ ያለው ከድልድዩ በታች ነው። ጀልባ ፈርታ ነው፣ ተዋት።»

የጋሼ ፊት ግን ጠቁሯል። «ማታ አየሁ አልሽ፤ ዛሬ አላየሁም። የቱን ልመንሽ?» ድምፃቸው ቁጣ የለበትም፤ ቢቆጧት ይሻላት ነበር። «ጉማሬዋን ሌላ ያየ አለ?»

ሚጢጢ ወደ ዳገቱ አልዞረችም። ብትዞር ዓይኗ እንደሚያሳብቅ ታውቃለች።

«ብቻሽን ነበርሽ?» አለች ቲቸር።

ሚጢጢ ዓይኗን ከቋጠሮው ላይ አላነሳችም።

«በሉ እንሂድ፣ ፀሐይ ሳይበረታ» አለ ቀዛፊው፣ መቅዘፊያውን እያነሳ። «ገመዱን ልቀቂ፣ እናቴ።»

ሚጢጢ ገመዱን እጇ ላይ ሁለት ዙር ጠመጠመችው። «አልለቅም» አለች። እያለቀሰች ነበር።

ከኋላዋ ጠጠር ሲንኮሻኮሽ ሰማች። አንድ ሰው ዳገቱን እየወረደ ነው፤ መጀመሪያ በቀስታ፣ ከዚያ በሩጫ። በላብ የራሰ እጅ ከእጇ ጎን ገመዱን ጨበጠ።

«ሁለት ነን፣ ጋሼ» አለች ፍንዳታ። «እኔም አይቻታለሁ።»