የማይረባው ዘፈን

ዘፋኟ አፏን በሰፊው ከፍታ «ጨለማው ዋጠኝ» ስትል፣ ልጅቷ ሳቋን ለማፈን ከንፈሯን ነከሰች።

«ጨለማ ዋጣት፣ ዝናብ መታት» አለች አጠገቧ ለተቀመጠችው ጓደኛዋ በሹክሹክታ። «አሁን ደግሞ ገደል ትገባለች፤ ጠብቂ።»

ገደሉ በሦስተኛው ስንኝ መጣ። የጓደኛዋ ትከሻ በሳቅ ተንቀጠቀጠ።

ስለ ድብርት አዲስ ዘፈን ተደርሷል ተብሎ የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ በሙሉ አዳራሽ ተጠርቷል። ርዕሰ መምህሩ ማይኩን ሁለቴ መታ መታ አድርገው «ዛሬ በግልጽ እንወያያለን» ሲሉ ተማሪው ተጠቃቀሰ። እሳቸው ፊት በግልጽ አውርቶ ወላጅ አምጣ ያልተባለ ልጅ ገና አልተወለደም። ዘፈኑን የደረሰው ከሲታ ወጣት ራሱ ፒያኖውን ይጫወታል፤ ዓይኑን ጨፍኗል።

«የገዛ ዘፈኑ እንቅልፍ ወሰደው» አለች ልጅቷ። «ምላጭ» የሚል ቅጽል ያወጡላት በከንቱ አልነበረም።

ምላጭ ታላቅ ወንድሟ ሥራ አግኝቶ ሌላ ከተማ ሄዷል ብላ ለሁሉም አውርታለች። እሱ ግን አራት ወር ሙሉ ከመኝታ ክፍሉ አልወጣም። አባቷ «ሥራ ጠል!» ይለዋል። እናቷ የሚበላውን በር ላይ አስቀምጣ ትመለሳለች። ምላጭ ደግሞ ትንቀዋለች። ትናንት ቆሻሻ ፀጉሩን አይታ «ሬሳ እንኳ ይታጠባል» አለችው።

ዘፈኑ አለቀ። «አስተያየት ያለው?» አለ ደራሲው። «መጥፎም ቢሆን።»

«ቴሌግራም ላይ ይለቀቃል?» አለ ከኋላ አንድ ረጅም ልጅ። አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ።

ምላጭ እጇን አወጣች።

«ውሸት ነው» አለች ተነሥታ። «ገደል ምናምን የለም። ሰውየው አያለቅስም፤ አያንጎራጉርም። ስትሰድበው እንኳ አይመልስም። አንድ እግር ካልሲ አጥልቆ፣ ሌላውን በእጁ እንደያዘ እስከ ምሳ ሰዓት ቁጭ ይላል። እሱን ማን ይዘፍነዋል?»

ወንድሟን ያን ያህል አተኩራ ስታየው እንደኖረች እሷም አሁን ገና ገባት።

ደራሲው ከፒያኖው ተነሣ። «ማነው ሰውየው?»

ጓደኛዋ ቀና ብላ አየቻት። «የሰፈራችን ሰው ነው» ማለት ይቻል ነበር፤ ውሸቱ ምላሷ ጫፍ ላይ ደርሷል።

«ወንድሜ» አለች። «የትም አልሄደም።»

ማንም አልሳቀም። ርዕሰ መምህሩ «እንግዲህ ሰዓታችንም…» ብለው ጀመሩ፤ የሰማቸው የለም። ቴሌግራም ብሎ የጠየቀው ልጅ መሬት መሬቱን እያየ «እናቴም እንደሱ ናት» አለ።

ቤት እንደገባች ቦርሳዋን እንኳ ሳታወርድ የወንድሟን በር ከፈተች። ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ ተኝቷል።

«ዛሬ የማይረባ ዘፈን አሰሙን» አለችው።

ሌላ ቀን ቢሆን አንድ ስድብ ወርውራ በሩን ትዘጋው ነበር። አሁን ግን ጫማዋን አወለቀችና አልጋው አጠገብ ወለሉ ላይ ተቀመጠች።

«ምን ይላል?» አለ በመጨረሻ፣ በዛገ ድምፅ።

«ያስጠላል ብዬሃለሁ እኮ። ልዝፈንልህ?»

አልዞረም። ግን አልጋው ላይ እንድትወጣ እግሩን ሰብሰብ አደረገላት።