አምባዛው ጾመኛ አይደለም

«የማታውቀው ዓሣ ሲገጥምህ መጀመሪያ አፉን እየው» አለ ከቆላ የመጣው ሰውዬ። «አፉ ውስጥ የሚገባ ሁሉ ጎረቤቱ አይደለም፤ ምሳው ነው።»

«እሺ፣ ሁለተኛስ?» አለ አባቷ።

ሁለተኛውን ወለተሐና አልሰማችውም። ወይም ሰምታ ረስታዋለች። ያኔ የስድስት ዓመት ልጅ ነበረች፤ በአባቷ ጋቢ ተጠቅልላ፣ ጭኑ ላይ እንቅልፍ እያዳፋት ነበር። የሰውዬው መልክ እንኳ ትዝ አይላትም። የቀራት የአባቷ ሳቅና «ምሳው ነው» የሚለው ቃል ብቻ ነው።

አሁን አሥራ አራት ሞልቷታል። አባቷ ኪዳነ ማርያም ካረፈ ሦስት ዓመት ሆኖታል፤ በእጁ የገነባው የድንጋይ ኩሬ ግን ከአንኮበር ተራራ ሥር፣ በእሜቴ ዘርፈሽዋል ግቢ ውስጥ እንዳማረበት አለ። ኩሬው ውስጥ ከአይራራ ወንዝ በቅል ተይዘው የመጡ ትንንሽ ዓሦች ይኖራሉ። ትሉንና የትንኙን እጭ እየለቀሙ ውኃውን ያጠሩታል። ከአባቷ ወዲህ ጠባቂያቸው እሷ ናት። ዐርባ ሦስት ናቸው፤ ዐርባ ሦስቱንም በየመልካቸው ታውቃቸዋለች።

ዛሬ ማክሰኞ ጠዋት ኩሬው ጠርዝ ላይ ክንዷን ዘርግታ ቆማለች።

«ዞር በይ አልኩሽ» አሉ አዛዥ ወልደሩፋኤል፣ የቤቱ ሥራ ሁሉ አለቃ። ከኋላቸው ሁለት አሽከሮች አፉ በቅጠል የተሸፈነ ጋን ተሸክመው ያቃስታሉ።

«አልዞርም።»

«ምን አልሽ?»

«ጋኑ ውስጥ ያለው አምባዛ ነው፣ ዓሣ የሚበላ ዓሣ። ቅጠሉን ገልጬ አፉን አይቼዋለሁ፤ የእኔን እጅ ይውጣል። እዚህ ከገባ ዓሦቼን ይጨርሳቸዋል።»

«ዓሦቼ! ሰማችሁ?» አዛዥ ወደ አሽከሮቹ ዞሩ። «ኩሬው የእሜቴ፣ ውኃው የእሜቴ፣ እሷም የምትበላው የእሜቴን እንጀራ፤ ዓሦቼ ትላለች!»

አሽከሮቹ ሳቁ።

«እንግዲያው የእሜቴን ዓሦች ይጨርሳል» አለች ወለተሐና። ክንዷን ግን አላጠፈችም።

አምባዛው ስጦታ ነበር። የእሜቴን ልጅ ሊያጩ የፈለጉት ግራዝማች ብርሃነ መስቀል ከአዋሽ በኩል በበቅሎ ያስመጡት ነው። እሑድ ራሳቸው ይመጣሉ፤ ስጦታቸው ኩሬው ውስጥ ሲዋኝ ማየት ይፈልጋሉ። ከንጉሡ ጋር ግማሹ ሰው ወደ እንጦጦ ከሄደ ወዲህ እንዲህ ያለ እንግዳ ለእሜቴ ቤት ብርቅ ሆኗል።

ጫጫታውን ሰምተው እሜቴ ከእልፍኝ ወጡ። የነፍስ አባታቸው አባ ገብረአማኑኤልም መቋሚያቸውን ተደግፈው ተከተሉ።

«ልጄ» አሉ አባ ነገሩን ሲሰሙ፣ ፈገግ ብለው፣ «በኖኅ መርከብ አንበሳውና በጉ አብረው ተጉዘው የለም እንዴ?»

ሰው ሁሉ ሳቀ። ወለተሐና ዐይኗን ከጋኑ አላነሣችም። ፊቷ ጋለ።

«በቃ» አሉ እሜቴ። «ለጊዜው በበቅሎው ገንዳ ይሁን። ከኩሬው ሦስት ዓሣ ጨምሩለት። እስከ ዓርብ ካልነካቸው ኩሬ ይገባል። አንቺም ከዚያ ወዲያ ኩሬው አጠገብ እንዳላይሽ። አዛዥን ክንድ ዘርግቶ መመለስ ምን ማለት እንደሆነ ያን ጊዜ ይገባሻል።»

አዛዥ በወንፊት ጨልፈው ሦስት አወጡ። ከሦስቱ አንዷ ጅራተ ቆራጣዋ ነበረች። አምና ወፍ ጅራቷን ነጭቷት፣ ወለተሐና ለብቻዋ በገበቴ አስቀምጣ ያዳነቻት ናት።

ረቡዕ ሦስቱም ነበሩ። ሐሙስም ሦስቱም ነበሩ። አምባዛው እንደ ግንድ ከገንዳው ሥር ተጋድሟል።

«አየሽ?» አሉ አዛዥ። «የነቢያት ጾም ነው። እንኳን እኛ አምባዛውም ጾሟል!»

ቀልዱ ግን ቀልድ ሆኖ አልቀረም። ከወጥ ቤት ሴቶች አንዷ መጥታ አማተበች። ከሰፈር «ጾመኛውን ዓሣ» ለማየት ሰው ይመጣ ጀመር። አባ ራሳቸው ጎንበስ ብለው አይተው «የእግዚአብሔር ሥራ አይመረመርም» አሉ። እሳቸው አልሳቁም።

ለወለተሐና ከሳቁ ይልቅ ይህ ከበዳት። እሷም ጾመኛ ናት፤ እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል አትቀምስም። ዓሣ እንደ ሰው ለፈጣሪው የሚጾም ከሆነ እሷ ማን ናትና ትከራከራለች?

ዓርብ ጠዋት ከገንዳው አጠገብ ብቻዋን ቆመች። ገንዳው ከበረቱ ጥላ ሥር ነው፤ ፀሐይ አያገኘውም። ጠርዙ ላይ ውርጭ ነጭ ሆኖ ተጋግሯል። እጇን ውኃው ውስጥ ከተተች። ቅዝቃዜው አጥንቷ ድረስ ገባ። የአምባዛውን ጀርባ ነካችው፤ ጢሙን ብቻ ትንሽ አነቃነቀ።

ያኔ የዚያ የቆላ ሰውዬ ድምፅ መጣላት። «ሁለተኛ፣ የመጣበትን ውኃ ጠይቀው።» በእርግጥ እንዲህ ብሎ ነበር? ወይስ አሁን እሷ ፈጠረችው? አላወቀችም። አምባዛው የመጣው ግን ሰው ጋቢ ሳይለብስ ከሚተኛበት አገር ነው።

እየሮጠች እሜቴ ዘንድ ገባች።

«እሜቴ፣ ገንዳው ፀሐይ ላይ ይውጣ።»

«አሁን ደግሞ ገንዳ ልታስጎትተን ነው!» አሉ አዛዥ።

«ጾሞ አይደለም፤ በርዶት ነው። ሲሞቀው ይታያል።»

እሜቴ ትክ ብለው አዩዋት። «ብትሳሳቺስ?»

«ከኩሬው እርቃለሁ። ብለውኝ የለም?»

«ካልተሳሳትሽስ?»

ድምፅዋ ትንሽ ተሰበረ። «ሦስቱን ዓሦች ይበላቸዋል። አውቄ ነው።»

አራት ሰዎች ከግንድ የተፈለፈለውን ገንዳ ከነውኃው ጎትተው ግቢው መሐል አወጡት። አዛዥ በትራቸውን ተደግፈው ቆሙ። እሜቴ በርጩማ አስመጡ፤ አባና የወጥ ቤት ሴቶችም ሊያዩ ወጡ። ወለተሐና መሬት ላይ ተቀመጠች።

ፀሐይዋ ከፍ አለች። ውኃው ለብ ሲል መጀመሪያ ጢሙ ተንቀሳቀሰ። ከዚያ ጅራቱ። ከዚያ ሰፊው ጭንቅላት ቀስ ብሎ ዞረ፤ ቤቱን ገና አሁን እንዳየ እንግዳ። እኩለ ቀን ሲቃረብ ውኃው አንዴ ጓ አለ።

ሁለት ቀሩ።

እንደገና ጓ አለ። ጅራተ ቆራጣዋ ብቻዋን ጥጉ ላይ ተለጠፈች፤ አምባዛውም ወደዚያው ዞረ።

«እጅሽን!» ብለው ጮኹ አዛዥ። ወለተሐና ግን ክንዷን እስከ ትከሻዋ ነክራ ከአፉ ሥር አፍሳ አወጣቻት። በሁለት መዳፏ ይዛ ኩሬው ድረስ ሮጠችና ለቀቀቻት። ስትመለስ እጅጌዋ ይንጠባጠብ ነበር።

«ጾሙን ፈታ» አለች።

የሳቀ የለም። ያማተበችው የወጥ ቤት ሴት ብቻ ነጠላዋን አፏ ላይ አደረገች።

«እንግዲህ እሑድ ምን ልሁን?» አሉ እሜቴ በመጨረሻ። «ግራዝማችን ‹ስጦታዎ እነሆ በበቅሎ ገንዳ› ልበላቸው?»

«አባ ስለ ኖኅ ተናግረው ነበር» አለች ወለተሐና።

«እና?»

«ኖኅ መርከቡን ባለ ሦስት ክፍል ነው የሠራው። ሁሉም አብረው የሚያድሩ ከሆነ ክፍሉ ለምን አስፈለገ?»

«ከአባ ጋር መጽሐፍ ልትከራከር!» አሉ አዛዥ።

አባ ገብረአማኑኤል ግን ትከሻቸው እስኪንቀጠቀጥ ሳቁ። «ተዋት፣ ተዋት! እኔ አንበሳውን ሳስብ ግድግዳውን ረሳሁት።»

ወለተሐና ወደ ኩሬው ጠቆመች። «ፀሐይ የሚውልበት ያ ጥግ ይከፈል። ድንጋዩ ተጠጋግቶ ይደርደር፤ ውኃ ይለፍ፣ ዓሣ አይለፍ። ምግቡን እኔ አመጣለታለሁ።»

«ግራዝማችስ ምን ይባላሉ?» አሉ እሜቴ።

«እውነቱን። ጎረቤቶቹን ይበላል፤ ስለዚህ ለብቻው እልፍኝ ተሰጠው።»

የእሜቴ ከንፈር ጥግ ተነቃነቀ። «እንዲህ የሚደረግለት ስንት ጌታ አውቃለሁ» አሉ ዝግ ብለው። ከዚያ ድምፃቸውን ከፍ አደረጉ። «እሑድ ራስሽ ትነግሪያቸዋለሽ። ግድግዳው ግን ዛሬ ካላለቀ አያልቅም፤ ነገ ቀዳሚት ሰንበት ናት፣ ድንጋይ አይነሣም።»

ሁሉም አዛዥን አዩ። እሳቸው ፀሐይዋን አዩ፤ ኩሬውን አዩ፤ ከዚያ የልጅቱን እርጥብ እጅጌ አዩ። በትራቸውን ገንዳው ላይ አስደግፈው ኩታቸውን ከትከሻቸው አወረዱና ወገባቸው ላይ አሰሩ።

«ድንጋዩ ከየት ይነሣ?»

«ከበረቱ ጀርባ» አለች። «አባቴ ያስተረፈው አለ።»

«ትልልቁን እኔ አነሣለሁ» አሉ አዛዥ። «አንቺ የት እንደሚቀመጥ ንገሪኝ።»